ምዕራፍ 7፦ እየተነሡ ማረፍ

በምዕራፍ 4 አውሮፕላን ምድር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አይተናል። አብራሪው ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ አፍንጫውን ቀስ አድርጎ ቀና ያደርግና አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እየጨረሰ ይቀመጣል። ጎማው መንካቱ ሳይታወቅ ከቀረ ተሳፋሪው አብራሪውን ያመሰግናል።

የባሕር ኃይል ተዋጊ ጄት አብራሪ መርከብ ላይ ሲያርፍ ይህን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚሠራው። አፍንጫውን ቀና አያደርግም፤ በመጣበት ቁልቁለት ወርዶ ወለሉን በጎማው ይደልቀዋል። ጎማው ወለሉን በነካበት ቅጽበት ደግሞ ጉልበት መቀነሱን ትቶ ሞተሩን እስከ ጥግ ይሰጠዋል። የሚያርፍ ሰው ለምን እንደሚነሣ ሰው ነዳጅ ይሰጣል? ምዕራፉ የሚዞረው በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ነው። መልሷ ከገባን የእነዚህ አብራሪዎች ሥልጠና ለምን ረጅም፣ ውድና ምሕረት የለሽ እንደሆነ አብሮ ይገባናል። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የዋጃ ረዳት

መልሱን ከመርከቡ በፊት መንገድ ላይ እንፈልገው። ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ዋጃን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። በገበያ ቀን መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚኒባስ ረዳቶችን ልብ ብሎ ይያቸው። ረዳቱ ተሳፋሪውን ያስገባል፤ የማሽላውን ጆንያ ፖርቶመጋላው ላይ ያስጭናል፤ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «ሳበው!» ይላል። ሾፌሩም ይስበዋል፤ ረዳቱ ግን ገና መሬት ላይ ነው። ከመኪናው እኩል ይሮጣል፣ የበሩን ብረት ይይዛል፣ ከዚያ ዘሎ ይገባል።

አሁን እጁን ትተን እግሩን እንመልከት። እጁ ብረቱን ሲነካ እግሩ ሩጫውን አያዘገይም፤ ይባስ ብሎ ይጨምራል። ሥራውን የሚያውቅ ረዳት ሩጫውን የሚያቆመው ብረቱን ሲነካ ሳይሆን መላ ሰውነቱ በሩ ውስጥ ሲገባ ነው። እጁ ቢያመልጠው ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጦ እንደገና ይሞክራል፤ ቢበዛ ተሳፋሪ ይስቅበታል። ጀማሪው ግን ብረቱን እንደነካ «ያዝኩ» ብሎ እግሩን ይይዛል። ያኔ እጁ ከተንሸራተተ አስፋልቱ ይቀበለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ጥንካሬ አይደለም፤ አንዱ ለመሳት ተዘጋጅቶ ይሮጣል፣ ሌላው አልተዘጋጀም።

ሁለት ሰከንድ

አሁን ወደ መርከቡ እንመለስ። የአሜሪካው ኒሚትዝ ዓይነት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 330 ሜትር ያህል ይረዝማል። ለመርከብ ግዙፍ ነው፤ ለጄት ግን ምንም ማለት አይደለም። ከዋጃ ተራራውን ተሻግሮ ያለው የላሊበላ ማኮብኮቢያ እንኳ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመርከቡ ወለል ላይ ደግሞ ለማረፊያ የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው በቆሙ አውሮፕላኖችና በማስወንጨፊያ ተይዟል።

ጄቱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ቦታ፣ በፍሬን የሚቆም አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ከጭራው ሥር መንጠቆ ተገጥሞለታል። ወለሉ ላይ ወፋፍራም የብረት ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል፤ ከወለሉ ከፍ የሚሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአብዛኞቹ የኒሚትዝ መርከቦች አራት ገመድ አለ፣ በአዲሶቹ ሦስት። መንጠቆው አንዱን ከያዘ ገመዱ እየተሳበ ይለቀቃል፤ ከወለሉ በታች ያለው መሣሪያ የአውሮፕላኑን ጉልበት ይውጠዋል፤ ጄቱም 100 ሜትር ገደማ ሄዶ በ2 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ቀጥ ይላል።

ባይይዝስ? መንጠቆው ወለሉን መትቶ ሊነጥር ይችላል። አውሮፕላኑም ትንሽ ከፍ ብሎ መጥቶ ገመዶቹን ሁሉ ሊያልፋቸው ይችላል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ወለል የሁለት ሰከንድ መንገድ ቢሆን ነው፤ ቀጥሎ ባሕር ነው። የጄት ሞተር ደግሞ ከዝቅተኛ ጉልበት ተነሥቶ ሙሉ ጉልበት እስኪሰጥ ሰከንዶች ይፈልጋል። አብራሪው «ገመዱ ያዘኝ ወይስ ሳተኝ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱን በሚያገኝበት ጊዜ ወለሉ አልቋል።

ስለዚህ አይጠይቅም። ጎማው ሲነካ፣ የሆነው ምንም ይሁን ምን፣ እጀታውን እስከ ጥግ ይገፋል። ገመዱ ይዞት ከሆነ ሞተሩ እየጮኸም ቢሆን ገመዱ ያሸንፈዋል፤ አብራሪው ጉልበቱን የሚቀንሰው መቆሙ ሲረጋገጥ ነው። ገመዱ ስቶት ከሆነ ደግሞ በምዕራፍ 3 ያየነው ክንፍን የሚያነሣ ፍጥነት አሁንም ከእጁ አልወጣም፤ ከወለሉ ጫፍ ወጥቶ ሽቅብ ይበራል። ይህን መሳት የሙያው ሰዎች «ቦልተር» ይሉታል። ቦልተር ያደረገ አብራሪ አልተከሰከሰም፤ ዞሮ ይመጣል።

ሞተሩ ያልታዘዘለት ሰው

በታሪክ መጀመሪያ መርከብ ላይ ያረፈው አሜሪካዊው ዩጂን ኢላይ ነው፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1911፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ። ፔንሲልቬንያ የተባለችው መርከብ መልሕቋን ጥላ ቆማ ነበር። የእንጨት ወለል ተነጠፈላት፤ በወለሉ ላይ ጫፍና ጫፋቸው የአሸዋ ከረጢት የታሰረባቸው ገመዶች ተዘረጉ። ኢላይ ዋና አይችልም ነበርና የብስክሌት ካላማዳሪያ ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የበረረው። የዛሬው ገመድና መንጠቆ የተወለደው ከዚያ ነው።

በምትሄድ መርከብ ላይ መጀመሪያ ያረፈው ግን እንግሊዛዊው ኤድዊን ዳኒንግ ነው፤ ኦገስት 2 ቀን 1917፣ ፊውሪየስ በተባለችው መርከብ ላይ። ገመድም መንጠቆም አልነበረም። ዳኒንግ በቀላሏ ሶፕዊዝ ፓፕ አውሮፕላን ከመርከቧ እኩል እየበረረ ወለሉ ላይ አንዣበበ፤ ጓደኞቹ ሮጠው ከአውሮፕላኗ ላይ የተንጠለጠሉትን ማንገቻዎች በእጃቸው ይዘው አወረዱት። የዋጃው ረዳት ዘዴ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሩ ረዳቱን መያዙ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ሞከረ። የመጨረሻዋ ማረፍ እንዳላማረችለት አይቶ ዞሮ ሊመጣ ሞተሩን ሲሰጥ ሞተሩ ታነቀ። አውሮፕላኗ በመርከቧ ጎን ወደ ባሕር ገባች፤ ዳኒንግም ሰጥሞ ሞተ። ትክክለኛውን ውሳኔ ወስኖ ነበር፤ የጎደለው ጉልበት ነው። የሥልጠናውን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሁሉም ነገር ከዚያች ቀን የተቀዳ ይመስለኛል።

ወለሉን ማጣመም

ይሁን እንጂ ዓለም ከዳኒንግ ሞት ቶሎ አልተማረም፤ ሊማርም አይችልም ነበር። እስከ 1950ዎቹ መግቢያ ድረስ ማረፊያው ከመርከቡ ርዝመት ጋር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነበር። ከፊት ለፊት ሌሎች አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ ነዳጅና ቦምብ የሚጭኑ ሰዎች አሉ። ገመዱን የሳተ አብራሪ ሙሉ ጉልበት ቢሰጥ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሥልጠናው ተቃራኒውን ያዝዝ ነበር። ወለሉ ዳር የቆመው ምልክት ሰጪ መኮንን በእጁ የያዛቸውን ሰሌዳዎች እያወዛወዘ አብራሪውን ይመራዋል፤ መጨረሻ ላይ «ቁረጥ» የሚል ምልክት ሲያሳየው አብራሪው የሞተሩን ጉልበት ይቆርጥና ይወድቃል። ገመዱን ከሳተ ወለሉን አቋርጦ የተወጠረ መረብ ይቀበለዋል።

በፕሮፔለር አውሮፕላን ይህ ያስኬድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዎልቨሪንና ሴብል የተባሉ ሁለት የድሮ የመንገደኛ መርከቦችን ወለል አልብሶ ከውቅያኖስ ርቆ በሚገኘው በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ከ17 ሺህ በላይ አብራሪዎችን አሠልጥኖባቸዋል። ከነዚያ ሠልጣኞች አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ነበር። ጄት ሲመጣ ግን መረቡ አልበቃም፤ ጄት ከባድና ፈጣን ነው።

በ1951 ዴኒስ ካምቤል የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንንና ሉዊስ ቦዲንግተን የተባለ መሐንዲስ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ማረፊያውን በጥቂት ዲግሪ ወደ ግራ ማጣመም። ያን ያህል ብቻ ነው። በ1952 ትራያምፍ በተባለችው መርከብ ወለል ላይ መስመሩን በቀለም ቀብተው ሞከሩት፤ በዚያው ዓመት አሜሪካኖች አንቲየተምን በዚሁ ንድፍ አደሷት። አሁን ገመዱን የሳተ አብራሪ ከፊቱ ያለው ባዶ ባሕርና ሰማይ ነው። የቆሙት አውሮፕላኖች በቀኝ በኩል ቀርተዋል። በአንድ ጊዜ መሳት ገዳይ መሆኑ ቀረ፤ የአብራሪው እጅም ከ«ቁረጥ» ወደ «ስጥ» ተገለበጠ።

ዋጋም አስከፍሏል። መርከቡ ወደፊት ሲሄድ ማረፊያው በሰያፍ ስለሆነ ለሚመጣው አብራሪ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሸሽበታል፤ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ማረም አለበት።

ዓይንን አለማመን

ጉልበቱ እንዲጠቅም መጀመሪያ ትክክለኛው ቦታ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። በደንብ ሲመጣ መንጠቆው የመርከቡን የኋላ ጠርዝ የሚያልፈው 4 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ትንሽ ከወረደ ጠርዙን ይመታል፤ ትንሽ ከፍ ካለ ገመዶቹን ይስታል።

ለዚህ በማረፊያው ግራ በኩል መብራት ተተክሏል። ግራና ቀኝ አግድም የተደረደሩ አረንጓዴ መብራቶች አሉ፤ በመካከላቸው ብጫ ብርሃን ትታያለች፤ አብራሪዎቹ «ኳሷ» ይሏታል። ኳሷ ከአረንጓዴው በላይ ከታየች ከፍ ብለሃል፤ በታች ከሆነች ወርደሃል፤ ቀይ ከሆነች ሞት ቀርቧል። የመጀመሪያው ንድፍ ኒኮላስ ጉድሃርት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ሥራ ነው። ሐሳቡን ያሳየው ጠረጴዛ ላይ በአንዲት ጸሐፊ የፊት መስታወትና የከንፈር ቀለም እንደነበር ይተረካል።

አስቸጋሪው ነገር የሰው ዓይን ወለሉን ማየት መፈለጉ ነው። መርከቡ እየቀረበ ሲመጣ ሠልጣኙ ሳያውቀው ኳሷን ትቶ ሊያርፍበት ያለውን ቦታ ያያል። ወለሉን ያየ እጅ ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል፤ በምዕራፍ 4 እንዳየነው ምድር ላይ የተማረው እንደዚያ ነውና። ጉልበት ሲቀንስ ይወርዳል።

ምልክት ሰጪው መኮንን ዛሬም አለ፤ ሰሌዳዎቹን ከጣለ ዘመናት ቢያልፉም ዛሬም «ፓድልስ» ይሉታል። ራሱ አብራሪ ነው። ወለሉ ዳር ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ ያያል፤ ከደፈረሰበት መብራት አብርቶ ይመልሰዋል። «ፓወር!» ካለ አብራሪው ሳይከራከር ይሰጣል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማስታወሻ ደብተሩ ነው። እያንዳንዱ ማረፍ ነጥብ አለው፤ ነጥቡም በቀለም ተለይቶ ሁሉም አብራሪ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በደኅና ያረፈ ሰው እንኳ ክፉ ነጥብ ያገኛል፤ በዕድል ነው ያረፍከው ለማለት። ሃያ ዓመት የበረረ አዛዥም ሆነ ትናንት የመጣ ልጅ እዚያው ሰሌዳ ላይ ናቸው።

መሳትን ደጋግሞ መለማመድ

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የበረራ ሥልጠና ማዕከል በ1914 የተቋቋመው ፍሎሪዳ ውስጥ ፔንሳኮላ ላይ ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ በፕሮፔለር አውሮፕላን ይለማመዳል፤ ለጄት የተመረጠው ወደ ቴክሳስ ኪንግስቪል ወይም ወደ ሚሲሲፒ መሪዲያን ሄዶ ቲ-45 የተባለውን ማሠልጠኛ ጄት ያበራል።

ባሕር ከማየቱ በፊት ልምምዱ ምድር ላይ ነው። ተራ ማኮብኮቢያ ላይ የመርከቡ ማረፊያ ልኩ በቀለም ይቀባል፤ መብራቱ ይተከላል፤ ፓድልስ ዳር ይቆማል። ሠልጣኙ ይመጣል፣ ይነካል፣ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ይነሣል፣ ዞሮ ይመጣል፤ ቀንም ሌትም ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ሜዳ ላይ ገመድ የለም። ስለዚህ ሠልጣኙ ምድር ላይ ደጋግሞ የሚለማመደው መያዝን ሳይሆን መሳትን ነው። መንካት ማለት መነሣት መሆኑ በእጁ እስኪገባ ድረስ ይደጋግመዋል። እውነተኛው መርከብ ላይ ገመዱ ሲይዘው ለሰውነቱ ያልተጠበቀ ነገር ይሆንበታል፤ ሊነሣ ሲል የተያዘ ሰው ነው።

ለብዙ ዓመታት በቲ-45 መርከብ ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው ሠልጣኝ ብቻውን ነበር የሚመጣው። የአሠልጣኙ የኋላ ወንበር ባዶ ነው። ጨካኝነት ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያስተካክለው ነገር የለም።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። እንደ አውሮፓውያኑ በ1955 ምጽዋ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ኖሮት አያውቅም። ነገር ግን የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» የተሠራችው ለአውሮፕላን ነበር። ወደ 95 ሜትር የምትረዝም ስትሆን ቀድሞ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ ማጠጣት፣ መጠገንና ማቅረብ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተላለፈች፤ አውሮፕላኖቹ ግን አብረው አልመጡም፤ ካዴቶች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለብረት ተሸጠች።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎበኘ፤ አዲስ አበባ ላይም ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም የሚረዳ የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። ፈረንሳይ ሻርል ደ ጎል የተባለ አውሮፕላን ተሸካሚ አላት፤ የጄት አብራሪዎቿን ግን ለዚህ ማረፍ የምትልካቸው ወደ አሜሪካ፣ ወደዚያው ወደ ቲ-45 ትምህርት ቤት ነው። ሀብታም አገር እንኳ ይህን ትምህርት ቤት ብቻዋን መያዝ ይከብዳታል።

ይዞ የለቀቀ ገመድ

ከዋጃ ሜዳ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አፋር፤ ከአፋር ወዲያ ቀይ ባሕር። በአየር ቢለካ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በዚያ ባሕር ላይ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ትሩማን በተባለው የአሜሪካ መርከብ ላይ ኤፍ-18 ጄት ሲያርፍ የማቆሚያው ሥርዓት ከሸፈ፤ አውሮፕላኑ ባሕር ገባ። ሁለቱ በራሪዎች በወንበራቸው ተወንጭፈው ወጡ፤ ሄሊኮፕተር አነሣቸው።

አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል፤ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ መነሣት አይችልም ነበር? ገመዱ ጨርሶ ካልያዘ ይቻላል። ይዞ የለቀቀ ገመድ ግን ሌላ ነው፤ የጄቱን ፍጥነት በልቶታል፤ የቀረው ወለል ሞተሩ ያን ፍጥነት መልሶ እንዲያመጣ አይበቃም። ለዚህ ችግር የእጅ ልምድ መድኃኒት የለውም። ያለው መውጫ የሚወነጨፈው ወንበር ነው፤ እሱንም መሳብ ሌላ ልምምድ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

በ2015 በባሕር ላይ መፈተን የጀመረ የበረራ ኮምፒውተር ፕሮግራም የኤፍ-18ን ማረፍ እጅግ አቅልሎታል። ድሮ አብራሪው ጉልበቱንና መሪውን ያለማቋረጥ ሲነካካ የነበረውን ኮምፒውተሩ ይሠራለታል። ሰው አልባው ኤክስ-47ቢ በጁላይ 2013 ያለ አብራሪ መርከብ ላይ አርፏል። ማረፉ ስለቀለለም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጄት ሠልጣኞች የአብራሪነት ክንፋቸውን ለመቀበል መርከብ ላይ ማረፍ እንዳያስፈልጋቸው በቅርቡ ወስኗል፤ መጀመሪያ የሚያርፉት በኋላ በሚመደቡበት ተዋጊ ጄት ነው። ገንዘብና ጊዜ ይቆጥባል። ቀድሞ በርካሹ ቲ-45 የሚለዩት ደካሞች አሁን በውዱ ጄት ላይ መለየታቸው ግን ቁጠባውን ያጠራጥረኛል።

ኮምፒውተሩ ያልለወጠው አንድ ነገር አለ። የኤፍ-18 አብራሪ ጎማው ወለሉን ሲነካ ዛሬም በግራ እጁ እጀታውን እስከ ጥግ ይገፋል።